የሁለት ጾም ጨው ቀማሽ

ትናንት ከሰዓት ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። የመምህርት ሀዋ ቁጥር ነው። መምህርት ሀዋ ደሴ በተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት የአዳሪዎች ኃላፊ ናቸው። ከእሳቸው እጅ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳይ ግን አሁንም ወገቤ ቀጥ ይላል፣ ሻርፔንም አስተካክላለሁ። «አቤት መምህርት!» ስል ከወዲያ የመጣው የእሳቸው ድምፅ አልነበረም። ዘንድሮ እዚያው አምስተኛ ክፍል የገባችው ታናሽ እህቴ ሃያት ናት።

«ሩቂ! መረጡኝ! ወላሂ መረጡኝ!»

«ለምኑ?»

«ጨው ቀማሽ! ሰባት ልጅ እጅ አውጥቶ እኔን መረጡኝ!»

እዚያው መንገድ ላይ ዘለልኩ። ዘንቢላቸውን ይዘው ታክሲ የሚጠብቁ እናት፣ «ምነው ልጄ፣ ኸይር ነው?» አሉኝ።

«ኸይር ነው እማማ! እህቴ ጨው ቀማሽ ሆነች!»

ትንሽ አሰቡና፣ «በሉ እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ። ምን እንደሆነ እንዳልገባቸው ግን ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

እናንተም ግራ እንዳይገባችሁ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ሃያት በኩራት የጮኸችለት ይህ ሥራ እኔን በአሥራ አንድ ዓመቴ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ እንዳለቅስ ያደረገኝ ሥራ ነው። ሰባት ልጅ እጅ ሊያወጣለት ይቅርና፣ እኔም እጅ አላወጣሁም ነበር።

ከትውልድ ቀዬዬ ከደጋን ወደ ደሴ የወሰደኝ አባቴ ነው። ደጋን ሙቀት ነው፤ ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ስንወጣ በአውቶቡሱ መስኮት የሚገባው ነፋስ እየቀዘቀዘ ሄደ። ደሴ ስንደርስ የጦሳ ተራራ እስከ ወገቡ ጭጋግ ለብሷል። እኔ በነጠላ ጫማ ነኝ። አባቴ ከፒያሳ ካልሲ ገዛልኝና እዚያው የሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አድርጎ በራሱ እጅ አለበሰኝ። ከዚያ በባጃጅ ዳገቱን ወጥተን መምህርት ሀዋ ቢሮ ገባን።

ጠረጴዛው ላይ የአዳሪዎች ደንብ የሚባል ወረቀት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር አለው። ደወል ሳይደወል አልጋ ይነጠፋል። የተጠራች ልጅ «አቤት» ትላለች እንጂ «ምን?» አትልም። በምግብ ሰዓት መናገር የፈለገች እጇን ታወጣለች። ተረኛ የሆነች ልጅ ያልሠራችውን ሥራ ሠርቻለሁ አትልም። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከታች «ልጄ ይህን እንድታከብር ግዴታ ገብቻለሁ» የሚል አለ፤ አባቴ እዚያ ላይ ፈረመ።

እኔ ያን ፊርማ እንዴት እንደተረዳሁት ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ደጋን ውስጥ ሰው ሲፈርም ያየሁት ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ጎረቤታችን በከብት ጠብ ተጣልተው ፈርመው ሲወጡ፣ «ሁለተኛ ካጠፋሁ ይወስዱኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እኔ ከአሥራ ዘጠኙ አንዱን ብሰብር አባቴን መጥተው እንደሚወስዱት አልተጠራጠርኩም። የመጀመሪያ ወር አልጋዬን ሳነጥፍ ቁጭ ብላችሁ ብታዩኝ ታዝኑልኝ ነበር። አንሶላው ላይ አንዲት ሽብሽብ ስትቀር አባቴ በካቴና ታስሮ ይታየኛል።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው፤ እና ሁሉም ጾመኛ ሆነ። ክርስቲያኖቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሙስሊሞቹ እስከ መግሪብ። አስተማሪው ጾመኛ፣ ዘበኛው ጾመኛ፣ ወጥ ቤቱም ጾመኛ። የማይጾም አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ክረምቱን ታይፎይድ ጥሎኝ ስለነበር ሐኪሙ ባዶ ሆዷን እንዳትውል ብሎ፣ አባቴም ይህንኑ ለመምህርት ሀዋ ነግሯቸዋል።

አሁን ወጥ ቤት እንግባ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ወፍራም፣ ነጭ ሻሽ ከግንባራቸው የማይለይ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ ሲምሉ ግን «ወላሂ» የሚሉ የወሎ ሴት። የሁለቱ ጾም ምግብ ከአንድ ድስት እንዲወጣ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የአጃ ሾርባ በዘይት፣ ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ የምስር ሳምቡሳ። ይህን ሁሉም ይበላዋል። ችግሩ አንድ ነው፦ ወጥ ሠሪዋም ጾመኛ፣ ረዳቶቻቸውም ጾመኞች፤ ታዲያ ጨው ልክ መሆኑን ማን ያውቃል? ምላስ ላይ ነክቶ መትፋት ይቻላል የሚሉ ነበሩ። እትዬ አስካለ ግን፣ «ጾሜን በምራቅ አላጫውትም» ብለው እምቢ አሉ። ሁልጊዜ ጾሞቹ ሲገናኙ አንድ የማትጾም ልጅ ፈልገው ያስቀምሳሉ። በዚያ ዓመት ልጅቷ እኔ ሆንኩ።

«ያቺ በላተኛዋ ትምጣ!» ይሉ ነበር ከወጥ ቤቱ በር ሆነው፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።

ሥርዓት አለው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሾርባው በትንሽ ኩባያ ይቀዳልኛል። ጾመኛ ፊት መብላት ነውር ስለሆነ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነው የምቀምሰው። መስኮቱ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ የእትዬ አስካለ ጤና አዳም አለ። እኔ እስክቀምስ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም ይላሉ። እንቅልፍ የሚወስዳቸው ይመስለኝ ነበር። ወይም እኔን ማየት ስለሚጠሉ። ጸሎት እያደረሱ እንደነበር ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

«እህሳ?»

«ልክ ነው እትዬ።»

«በይ ሂጂ።»

በቃ፣ ይኸው ነው ሥራው። ግን ልጆቹ አያስቀምጡኝም። «ቀማሽ መጣች፣ ሳህናችሁን ደብቁ!» ትላለች አንዷ። «ሩቂያ፣ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የምታፈጥሪው? በየሰዓቱ?» ትላለች ሌላዋ። ማታ ማታ ጾመኞቹ ጦሳ ላይ የምትጠልቀውን ፀሐይ እያዩ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ፣ እጃቸው ላይ ቴምር ይዘው አዛን ሲጠብቁ፣ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አለ። ደክሟቸዋል፣ ግን ደስ ብሏቸዋል። እኔም እዚያ መሀል ቴምር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ግን የእኔ ቴምር ዝም ብሎ ቴምር ነው።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ለማንም ሳልናገር መጾም ጀመርኩ።

ምሳዬን ለብቻዬ ነበር የሚሰጡኝ፤ ሳህኔን ከድኜ ለማታ አስቀምጠዋለሁ። ያ ቀላል ነው። ከባዱ ኩባያው ነው። የመጀመሪያ ቀን ኩባያውን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ የአጃው ሽታ ከነእንፋሎቱ አፍንጫዬን ሞላው። ወደ ኋላዬ አየት አደረግሁ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሾርባዋን ጤና አዳሙ ሥር አፈሰስኳት።

«እህሳ?»

«ልክ ነው እትዬ።»

ማታ ሾርባው ሲመጣ ማንኪያዬን ከሁሉ ቀድሜ አነሳሁ። ቀመስኩት። ልክ ነው! ረቡዕም ልክ ነው። ሐሙስም፣ አርብም። «የእትዬ አስካለ እጅ አይሳሳትም» አልኩ ለራሴ፤ «እኔን የሚያስቀምሱኝ ለወጉ ነው።» የደንቡ ቁጥር፣ ያ ያልሠራሽውን ሠርቻለሁ አትበይ የሚለው፣ እሁድ እሁድ በሰልፍ ሲነበብ የምሰማው፣ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል። ያኔ አባቴ ከነፊርማው ይመጣብኛል። ቶሎ ብዬ ሌላ ነገር አስባለሁ።

አርብ ዕለት የክፍሉን መዝገብ ቢሮ አድርሺ ተባልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሀጂ ይመር ከመምህርት ሀዋ ጋር ይነጋገራሉ።

«ወጥ ሠሪዋ ደክመዋል» ይላሉ ሀጂ። «ወላጅ ስለ ምግቡ እየተናገረ ነው። ነገ ኮሚቴው መጥቶ ከልጆቹ ጋር ያፈጥራል፤ ቀምሰን እንወስናለን። ካልሆነ እናሳርፋቸው።»

እየሮጥኩ ወደ ትዕግስት ሄድኩ። ትዕግስት ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የመመገቢያ አዳራሹ ተረኞች አለቃ፣ ከትልልቆቹ የማታሾፍብኝ እሷ ብቻ።

«ትግስቴ፣ ደስ ይበልሽ! እትዬ አስካለን ሊያሳርፏቸው ነው! እረፍት ሊወጡ ነው!»

ትዕግስት የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። «አንቺ ሞኝ፣ እረፍት አይደለም። ሊያስወጧቸው ነው።»

«ከየት?»

«ከዚህ ነዋ! ከሥራቸው።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «እስከ ነገ ለማንም እንዳትናገሪ። ነገ ምግቡ ማር መሆን አለበት።»

ቅዳሜ ግቢው ከማለዳ ጀምሮ ተገለባበጠ። ክርስቲያኖቹ ልጆች ተነጋግረው፣ «ቅዳሜ ቢሆንም ዛሬ እስከ ማታ አንበላም፤ አብረናችሁ እንፈታለን» አሉ፤ እትዬ አስካለም አብረው ጾሙ። አጃው ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር በኩንታል መጣ። ትልቁ ድስት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ከመጋዘን ወጣ። አንዱ ቡድን ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ሳምቡሳ ይጠቀልላል፣ አንዱ አዳራሹን ያጥባል። ሩጫው ላይ ከተረኞቹ አንዷ እትዬ አስካለን ለማገዝ ብላ ድስቱ ውስጥ ጨው አደረገችበት። እትዬ አስካለም ከጓሮ ሲመለሱ ጨው አደረጉበት። አንዷ ስለሌላዋ አላወቀችም። ይህን ሊያውቅ የሚችል በግቢው ውስጥ አንድ ምላስ ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጠራሁ። «በላተኛዬ፣ ነይ እስቲ።» ድምፃቸው እንደ ወትሮው አይደለም፤ ቀጥኗል። ኩባያዋን ሰጡኝ። «ዛሬ ደህና አድርገሽ ቅመሺልኝ እሺ?»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ኩባያዋን እስከ ከንፈሬ አደረስኳት። በመስኮቱ ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ስታዘነብል ትታየኛለች። አንድ ሰዓት ተኩል ብትቀረኝ ነው! አምስተኛ ቀኔ! አንዲት ጉንጭ ሁሉንም ታፈርሰዋለች። ደግሞ የእሳቸው እጅ መቼ ተሳስቶ ያውቃል?

አፈሰስኳት።

«እህሳ ልጄ?»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

«ልክ ነው እትዬ።»

በረጅሙ ተነፈሱና ግንባሬን ሳሙኝ።

ኮሚቴዎቹ ስድስት ሆነው መጡ። ሀጂ ይመር ከዘራና ደብተር ይዘዋል። ሙስሊም ክርስቲያኑ ተደባልቆ ተቀመጠ። አዛን አለ፤ ሰው ሁሉ «ቢስሚላህ» አለ፤ ክርስቲያኖቹ አማተቡ። ቴምሩ ተበላ። እኔም በላሁ፤ እና የእኔ ቴምር ለአምስተኛ ቀን እውነተኛ ቴምር ሆነ። ከዚያ ሾርባው ታደለ።

ሀጂ ይመር አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ማንኪያው አፋቸው ውስጥ ቆመ። ከዚያ ሳሉ። ከጎናቸው ያሉት ሰውዬ ውኃ ውኃ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የማንኪያ ድምፅ እየቆመ እየቆመ ሄደ። እኔም ቀመስኩ። ምላሴ ተኮማተረ። ባሕር ጠጥቼ አላውቅም፤ ግን እንደዚያ ይመስለኛል።

መምህርት ሀዋ ተነሱ። «እትዬ አስካለ!»

እትዬ አስካለ መጡ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል። ከመምህርት ሀዋ ሳህን ቀመሱ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ቀማሽ አልነበረም?» አሉ ሀጂ ይመር።

እትዬ አስካለ አላዩኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞሩም። «ነበረ። ልጅ ናት፣ ልጅ አይጠየቅም። የጨመርኩት እኔ ነኝ ሀጂ፤ እጄ ነው ያጠፋው።»

ሀጂ ይመር ደብተራቸውን ገለጡ።

እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ ልጻፍላችሁ ብል ገጹ አይበቃም። አባቴ ደጋን ላይ ደጃፋችን ቆሞ ነበር፤ ፖሊሶቹ መንገድ ላይ ነበሩ። እዚህ ደግሞ እትዬ አስካለ። አንዱን ማዳን የምችል መሰለኝ፣ ሁለቱን አይደለም። እጄን አወጣሁ። በምግብ ሰዓት መናገር የፈለገች እጇን ታወጣለች። ማንም አላየኝም። ሁሉም የሚያየው የሀጂን እስክሪብቶ ነው። እጄ ደከመኝ፤ በሌላው እጄ ደግፌ ያዝኩት።

«መምህርት!» ብላ ትዕግስት ጮኸች፤ «ሩቂያ እጅ አውጥታለች!»

«ምንድን ነው?»

ተነሳሁ። «አልቀመስኩም።»

«ምን አልሽ?»

«አልቀመስኩም። እትዬ አስካለ ቀድተው ሰጥተውኛል። እኔ ጾመኛ ነበርኩ። ጤና አዳሙ ላይ ነው የማፈሰው።»

«እኔ'ኮ» አሉ እትዬ አስካለ በሹክሹክታ፣ «ጤና አዳሜን ምን አደረቀው እያልኩ...»

አንዷ ልጅ ሳቀች፤ ሌላዋ በክርኗ መታቻት።

ሀጂ ይመር መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስንት ቀን ሆነሽ?»

«አምስት።»

«አምስት ቀን ጾመሽ አምስት ቀን ዋሸሽ?»

«አራቱን ቀን ግን ልክ ነበር» አልኩ። ወላሂ ይህን ብያለሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴን እሸፍናለሁ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሀጂ ግን አልሳቁም። «ሆድሽን አስጾምሽው፣ ማሻአላህ። ምላስሽን ግን አላስጾምሽውም።»

ያኔ እንባዬ መጣ። «አባቴን አትውሰዱት» አልኩ። «የፈረመው እሱ ቢሆንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ለማስረዳት ጊዜ ፈጀ። ሲገባቸው መምህርት ሀዋ፣ እኚያ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ደንብ የሚጠብቁ ሴት፣ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። «ማንም አይወስደውም» አሉኝ ኋላ። «ቅጣትሽ ግን አይቀርም። ይህን ሳምንት ድስቱን የምታጥቢው አንቺ ነሽ። ቀማሽነቱንም ለሌላ እሰጣለሁ።»

«ኧረ በአላህ መምህርት!» እትዬ አስካለ ነበሩ። «ድስቱን ትጠብ። ቀማሽነቱን ግን አይንኩባት። ከእንግዲህ ሳትቀምስ ልክ ነው የምትል ይመስልዎታል? ከዚህች የተሻለ ቀማሽ ከየት አመጣለሁ?»

ከዚያ መልስም ሳይጠብቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ምን ተቀምጣችኋል? ድንች! ድንች ጨው ይጠጣል! ውኃ አጥዱ! አጃ ጨምሩ!» የሚሰግደው ሰግዶ እየተመለሰ፣ ሁላችንም ተሻምተን ድንች ላጥን። መቶ እጅ ነበር። ከኮሚቴው አንዲት እናት ጫማቸውን አውልቀው መጡ። ሀጂ ይመር እንኳ ሰግደው ሲመለሱ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንድ ድንች ላጡ፤ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣሉት እንጂ።

ድስቱ ሲፈላ ጾም የለም። ማንም መቅመስ ይችላል፤ እትዬ አስካለ ራሳቸውም ይችላሉ። እሳቸው ግን ኩባያዋን አንስተው ቀድተው ለእኔ ሰጡኝ። እንደ ለመድኩት ወደ ግድግዳው ስዞር ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ።

«ወደ እኔ። እያየሁሽ።»

ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ጠጣሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል። ልክ ነው ብል ምንኛ ደስ ባላቸው! ሁሉም ርቦታል፣ ሳምቡሳው ቀዝቅዟል።

«አልደረሰም» አልኩ። «አሁንም ጨው አለው።»

«ይኸውላችሁ!» አሉ እትዬ አስካለ፣ አዳራሹን ዞር ብለው እያዩ፤ «ቀማሽ ማለት ይህች ናት። ውኃ ጨምሩ!»

ሦስተኛው ኩባያ ላይ ነው «ልክ ነው» ያልኩት። ሀጂ ይመር ሁለት ሳህን ጠጡ። ደብተራቸው ላይ ምን እንደጻፉ አላየሁም፤ እትዬ አስካለ ግን ዛሬም እዚያው ወጥ ቤት ናቸው፣ ነጩ ሻሽም ግንባራቸው ላይ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ቀማሽ ብሎ ያሾፈብኝ የለም። አባቴም ነገሩን በስልክ ሲሰማ ስቆ ስቆ፣ ቅዳሜና እሁድ እንድጾም ፈቀደልኝ።

ጾሞቹ ዘንድሮም ተገናኝተዋል። ትናንት ሃያት ስልኩን ሳትዘጋ እትዬ አስካለ ነጠቋት። «ስሚ ሩቂያ፣ የፊታችን ቅዳሜ አብረን እንፈታለን። ብቻሽን እንዳትመጪ፣ የምታውቂውን ሁሉ ይዘሽ ነይ፤ ድስቱ ትልቁ ነው» አሉኝ። እኔ የማውቀው ሰው ጥቂት ነው። እናንተ ግን እዚህ ድረስ አንብባችሁልኛል፤ ስለዚህ ኑ። የጾማችሁም ያልጾማችሁም፣ ከኮምቦልቻም ከደሴም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግቡና ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ መሀል ተቀመጡ። ሾርባው ሲመጣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከፊታችሁ ቆመው «እህሳ?» ይሏችኋል። ለይሉኝታ ብላችሁ ልክ ነው እንዳትሉ። ከበዛ በዛ በሏቸው፤ ድንቹን አብረን እንልጣለን።